ሁለት ቁጥር ያለው ሞተር ብስክሌት

ይህ ነገር የደረሰብኝ መኪና ሁሉ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ተዛውሮ መሄድ በጀመረ በዓመቱ፣ መቱ ከተማ ውስጥ ነው። ደረሰብኝ አልኩ እንጂ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሁለተኛ ዓመቴን አስተምር ነበር። በክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። በዚያ ቀን ለአምስት ደቂቃ ያስረዳሁትን ግን አንድም ቃል አልረሳሁም።

ጋሼ ረጋሳ የቡሬ ሰው ናቸው፤ ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ግራ እግራቸው በልጅነት ሕመም ስለ ደረቀ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። በእኛ አገር ልብስ ሰፊ ገበያ ይከተላል፤ አንድ ቀን ቡሬ፣ አንድ ቀን ጎሬ፣ አንድ ቀን መቱ እያለ የስፌት መኪናውን ይዞ ይዞራል። እሳቸውን የምታዞራቸው በቅሎ ነበረች። በቅሎዋ ስትሞት የሚስታቸው ወንድም ከጋምቤላ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ አመጣላቸው። በሱዳን በኩል በወንዝ የመጣ የእንግሊዝ ሥሪት ነው።

ሞተር ብስክሌቱ ልክ ለእሳቸው የተሠራ ይመስል ነበር። ምክንያቱን ላስረዳ። በዚያ ዓይነት ሞተር ማርሽ የሚቀየረው በቀኝ እግር ነው። ግራ እግር የሚረግጠው ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱንም ጋሼ ረጋሳ በእጅ በሚያዘው የፊት ፍሬን ይተኩት ነበር። በሌሎቹ አገሮች ሥሪት ግን ማርሹ በግራ በኩል ስለሆነ እሳቸው ሊነዱት አይችሉም።

የቀረው የታርጋ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳ የሚፈቅደው የትራፊክ መቶ አለቃ ከጎሬ ወደ መቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ በመጣ ጊዜ ሞተሩን አይቶ፣

«መብራቱ የድሮው የግራ መንገድ መብራት ነው። ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። አስተካክለህ ካላመጣህ ሰሌዳ የለም» ብሎ መለሳቸው።

ጋሼ ረጋሳ የውጭ አገር ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሲያፈላልጉ ወደ እኔ ላኳቸው። ደስ አለኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ እንቅልፍም ምግብም አልፈልግም።

ሁለት ቀን አመሻሽ ላይ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ፊት ሠራን። ሱዳን ዛሬም የሚነዳው በግራ ነው። ስለዚህ የእነሱ መብራት ዝቅ ሲደረግ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በእነሱ አገር በግራ ያለው የመንገድ ዳር ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። በእኛ አገር ግን አሁን በግራ በኩል የሚመጣው ሰው ነው። በመብራቱ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ሞተሩን ሃያ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ አቆምን። የመብራቱን ቀለበት ፈትተን መስታወቱንና የአምፖሉን መያዣ ወደ ቀኝ አዞርን፤ ወደ ግራ የሚያፈስሰውን የመስታወት ክፍል በጥቁር ፕላስተር ሸፈንነው። በሁለተኛው ቀን ብርሃኑ ከመስመሩ በታች ሆኖ ወደ ቀኝ አጋደለ።

«ያ ባርሲሳ፣ ገለቶማ!» አሉኝ ጋሼ ረጋሳ። መምህር፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም በአማርኛ፣ «ልጆቹስ ይታዘዙልዎታል? መብራቱ እንኳ ታዘዘልዎ!» ብለው ሳቁ።

መቶ አለቃው በመጣ ቀን ገበያ ስለነበር ብዙ ሰው ተሰብስቧል። ሞተሩን አንድ ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ አስገብተው በሩን ዘግተው መብራቱን አዩት። መቶ አለቃው ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

«ማን ነው ያስተካከለው?»

«መምህሩ ናቸው፣ ጌታዬ» አሉ ጋሼ ረጋሳ፣ በምርኩዛቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«የተማረ ሰው እንዲህ ነው!» አለ መቶ አለቃው በሰው ሁሉ ፊት።

ከመቶ አለቃው ጋር የመጣው ጸሐፊ የላቲን ፊደል ስለማይለይ የሱዳኑን ወረቀት እኔ አነበብኩለት። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በሞተሩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ጸሐፊው መዘገበ። ነገሩ በዚህ አልቆ ነበር። ጋሼ ረጋሳ የስፌት መኪናቸውን ኮርቻው ኋላ ማሰር ጀምረዋል።

እኔ ግን ምስጋናው አልበቃኝም።

«መቶ አለቃ፣ አንድ ነገር ላስረዳ?» አልኩ። «መለያ ቁጥር የሚመታው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ቤንዚን በሚያነደው በራሱ በሞተሩ ላይ፣ አንዱ አካሉን በሚሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ላይ፣ ከመሪው ሥር። ሁለቱ አንድ መሆናቸው መታየት አለበት።»

መቶ አለቃው ይህን አያውቅም ነበር። እኔስ ከየት አወቅኩት? የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ሞተር ብስክሌት ነበራቸው፤ በእሱ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው። ከጋሼ ረጋሳ ሞተር በፊት በሕይወቴ ቀርቤ ያየሁት ሞተር ብስክሌት እሱ ብቻ ነበር።

ማንም ሳያዘኝ ተንበርክኬ የሻንሲውን ጭቃ በሰንጢ ፋቅኩ። ቁጥሩ ወጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሌላ ቁጥር ነው።

«ስለዚህ?» አለ መቶ አለቃው።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። «ስለዚህ ሞተሩ የአንድ፣ ሻንሲው የሌላ ሞተር ብስክሌት ነው ማለት ነው» አልኩ።

«የተሰረቀ ነዋ!»

«እንደዚያ ሊሆን ይችላል።»

ጋሼ ረጋሳ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። «መምህር፣ ምንድን ነው ያሉት?» አሉኝ። ለተማሪ እንደማስረዳ ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እያሳየሁ፣ ለእሳቸውም አስረዳኋቸው።

«ማን ሸጠልህ?» አለ መቶ አለቃው።

«የሚስቴ ወንድም ነው ያመጣልኝ፣ ጌታዬ።»

«እሱም ይመጣል። ቁልፉን ወዲህ በል! አንተ ግፋ!»

ፖሊስ ጣቢያው ዳገት ላይ ነው። ምርኩዙን ከመቶ አለቃው ጋር የመጣ አንድ ወታደር ያዘው። ጋሼ ረጋሳ በአንድ እግር እየዘለሉ፣ በመሪው ላይ ተደግፈው ሞተሩን መግፋት ጀመሩ። ገበያተኛው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞላው። አንዱ፣ «ይኼ ሞተር እግሩ አልነበረም እንዴ? እግሩንም ሰርቆ ኖሯል!» ሲል ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። እኔም ፈገግ አልኩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ላያቸው ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ሊያነሡላቸው ሲጠጉ መቶ አለቃው፣ «ማንም እንዳይነካ! ኤግዚቢት ነው!» ብሎ ጮኸ። ራሳቸው እስኪነሡ ቆመን ጠበቅን።

ጣቢያው ውስጥ በሰጠሁት ቃል ሥር እንደ ዐዋቂ ምስክር ፈረምኩ። ፊርማዬ ቆንጆ ነበር።

ጋሼ ረጋሳ ሃያ ቀን ታሰሩ። የሚስታቸውን ወንድም ከጋምቤላ በሰንሰለት አመጡት፤ እሱ ወራት ቆየ። ሞተር ብስክሌቱ ለመንግሥት ተወረሰ ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚነዳው መቶ አለቃው ነበር።

በዓመቱ ጎሬ ሄጄ ከአንድ የግሪክ መካኒክ ጋር ቡና ቤት ተቀመጥን። እንደ ልማዴ ያን ታሪክ በኩራት ነገርኩት። መካኒኩ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይሄ ፋብሪካ ሞተር ለብቻ ይቆጥራል፣ ሻንሲ ለብቻ ይቆጥራል» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ሁለት ቁጥር ነው ያለው ሁልጊዜ። አንድ ከሆነ ነው ሌባ!»

በማግስቱ በጠዋት ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ሄድኩ። የተናገርኩት ስሕተት መሆኑን ነገርኩት። አልተቆጣም። ፋይሉን አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አስገድጄሃለሁ?»

«የለም።»

«ጠይቄሃለሁ?»

«አልጠየቁኝም።»

«እንግዲያው ወይ ያን ጊዜ ዋሽተሃል፣ ወይ ዛሬ እየዋሸህ ነው። በየትኛው ልክሰስህ? ምረጥ።»

አንዱንም አልመረጥኩም። ባርኔጣዬን ይዤ ወጣሁ።

ለጋሼ ረጋሳ ግን እነግራቸዋለሁ ብዬ ቡሬ ወረድኩ። ከቤታቸው በረንዳ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገበያ መዞር ትተዋል፤ የሚመጣላቸው የተቀደደ ልብስ ብቻ ነው። ሲያዩኝ ተንጠራርተው እጄን ሳሙ።

«መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይገልጡልኝ በሌባ ዕቃ ስዞር እኖር ነበር። ሞተሩን ያመጣልኝን ሰውዬ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት። ሚስቴም ለወንድሟ ስታለቅስ ጊዜ፣ የሌባ እንባ ቤቴ ውስጥ አይፈስም ብዬ ወደ ዘመዶቿ ሰደድኳት። አሁን ዳሪሙ ከተማ ናት።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ባዶ እጅዎን አልሰድዎትም ብለው ሜትራቸውን አወጡ። ሱሪ ሊሰፉልኝ ነው። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው፣ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለኩኝ።

«ቀጥ ብለው ይቁሙ እንጂ፣ መምህር» አሉኝ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሳልናገር ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። መቶ አለቃው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሯል፤ የምፈራው ሰው የለም። ሆኖም ሦስት ጊዜ ወደ ቡሬ ልሄድ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ጋሼ ረጋሳ ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን ጽሑፍ ራሳቸው ሊያነብቡት አይችሉም። ስለዚህ ቡሬ የምትኖሩ አንባብያን ካላችሁ እለምናችኋለሁ፤ ወደ በረንዳቸው ሂዱና አንብቡላቸው። ሁለቱ ቁጥሮች ከፋብሪካው እንደዚያ ሆነው ነው የወጡት። የሚስታቸው ወንድም ሌባ አይደለም። ዳሪሙም የሚሄድ ሰው ካለ ለሚስታቸው ያንብብላቸው።

እኔ ሄጄ እንዳላነብላቸው ፈሪ ነኝ።