የጥጉ ወታደር

ወልድያ በጦርነቱ በተዘጋችባቸው ሳምንታት ቼዝ ሺህ ጊዜ ተሸንፌያለሁ፤ ቀንሼ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መውጫ የለም። ያለው የጎረቤቴ የጋሼ ቼዝ ብቻ ነው፤ እሱም አንዱ ጥቁር ፈረስ ጠፍቶ በቆርኪ የተተካ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። በግቢያችን ደንብ ነጩ የታላቅ ስለሆነ እኔ ዕድሜ ልኬን ጥቁር ነኝ። የማውቀውን አከፋፈት ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል፤ እያዛጉ ያሸንፉኛል።

አንድ ቀን "ነገ ጠዋት ወደ መርሳ እሄዳለሁ" አሉ። ልጃቸው እዚያ ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ወሬዋ የለም። መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ግራና በምትባለው መንደር በኩል በእግር ሊያቋርጡ ነው።

"ጋሼ፣ በዚያ ጉልበትዎ? ሽንት ቤት እስኪደርሱ ሁለቴ የሚያርፉ ሰው!"

"ዝም በል፣ ሦስቴ ነው።"

ተኩሱም የሚሰማው ከዚያው ወገን ነበር። ብለምን እምቢ አሉ። አንድ አመል ግን አላቸው፤ ያልገባቸውን ነገር ትተው አይነሱም።

በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ሲወጡ ሰሌዳውን ደርድሬ ጠበቅኋቸው።

"መሰናበቻ፣ አንዲት ብቻ።"

"በአምስት ደቂቃ እገላግልሃለሁ" ብለው ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፉ። እኔ በስተቀኜ ጥግ ያለውን ወታደር አንዲት ቤት አስነሣሁ።

"አስታግፊሩላህ! ይሄን ማን አስተማረህ?"

"የጥንት ነው ጋሼ፣ ለሁሉም አይገለጥም።"

ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ያየሁት ነው፤ ብዙ ሰው አይጫወተውም ይላል። ቀጥዬ ከጎኑ ያለውን ሁለት ቤት ሰደድኩ። ጋሼ መሃሉን በሙሉ ይዘው እንኳ አላመኑም። "ወጥመድ አለበት" ብለው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"ኧረ ጋሼ፣ እንሂድ!" አሉ መንገደኞቹ ከበር።

"አንዴ! ይቺን ብቻ!"

ሦስቴ ተጣሩ። ከዚያ መጣራቱ ቆመ።

ጋሼ ቀና ሲሉ በሩ ላይ ማንም የለም። ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ወጥመዱ የታል?"

"የለም ጋሼ።"

"ወንድ ትውለድ ሴት እንኳ አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው።

በግራና በኩል ተኩሱ እንደገና ጀመረ። ሁለታችንም ወደዚያ ዞርን።

"ተራው ያንተ ነው" አሉ።

ቆርኪዋን አነሣሁ፤ ወዴት እንደማስኬዳት አላወቅሁም። የመጽሐፉ ቀጣይ ገጽ ድሮም ተቀድዶ ነበር።