የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ዐሥራ ዘጠኝ

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ጥምጣማቸው ከራሳቸው ይበልጥ ነበር ብል ሐሜት አይደለም፤ እስቴ ሁሉ ያየው ነው። በደብራችን ባሕረ ሐሳብ እያሰሉ የጾሙን ቀን ሲያወጡ ኖሩ፤ አንድም ቀን ይድገሙት ያላቸው ሰው የለም። ማን ደፍሮ! ሲያስነጥሳቸው እንኳ ካህናቱ ይማርዎ ለማለት ይሽቀዳደሙ ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከአዳም ጀምሮ የተቆጠረው ዘመን ለዐሥራ ዘጠኝ ይካፈላል፤ ከተረፈው አንድ ይቀነሳል፤ ነነዌም ዐቢይ ጾምም የሚገቡበት ቀን ከዚያ ይወጣል። ምንም ካልተረፈ ግን ዐሥራ ዘጠኙ ራሱ እንደ ትርፍ ተይዞ አንዱ ከእሱ ይነሣል። ይህን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ዘመኑ ለዐሥራ ዘጠኝ ልክክ ብሎ አለቀ። የኛ ሊቅ ታዲያ "አልቦ!" አሉና ባዶውን ይዘው ቀጠሉ። በእንቁጣጣሽ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጾሙን ሁለት ሳምንት አስቀድመው አወጁልን።

ወንድሜ ጥጋቡ ልጁን ተዋበችን በስማዳ ለወገዳው ቻላቸው አጭቶ ነበር። የቻላቸው ሰዎች "ለሠርጉ የካቲት ሃያ አምስት እንመጣለን" ብለው ላኩ። ቀኑ መሪጌታ ባወጁት ጾም ውስጥ ስለወደቀ ወንድሜ ግራ ቢገባው ይዞኝ መሪጌታ ዘንድ ሄደ።

"የኔታ፣ የስማዳ ሰዎች ቀኑ ከጾም በፊት ነው ይላሉ። እባክዎ አንዴ ደግመው ቢያዩት?"

"አንተ ገበሬ! እኔን ልታርም ነው? ስማዳ መቼ ቆጥሮ ያውቃል! በጾም ሥጋ አብላና ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳላይህ።"

ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፈሪ ነበር። "በጾም ልጅ አልድርም" ብሎ ለቻላቸው ሰዎች ላከ። የወገዳ ሰዎች ምን ይበሉ? ልጁን ሊከለክለን ጾም ፈጠረ፣ ናቀን አሉ። በዚያው በቀጠሮው ቀን ቻላቸውን ከሌላ ልጅ፣ ከሐረገ ወይን ጋር ዳሩት። ወሬው ሲደርስ እኛ ሽሮ ቀርቦልን ነበር። ተዋበች የጎረሰችውን ሳትውጥ ተነሥታ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጡ ቄስ ደብራችን ብቻውን ሲጾም አይተው ሳቁ፤ ስሌቱንም አቀኑት። መሪጌታም ወደ ቤታችን መጡ። ይቅርታ ሊሉ መስሎኝ! ምን በወጣቸው! መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና፣

"ጥጋቡ፣ ደስ ይበልህ፤ ጾሙ ገና ነው። ቅበላው ሳያልፍ ደግሱ፤ እኔም እመጣለሁ" አሉ።

ሆዳም! ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ተዋበች ግን ከጓዳ ወጥታ ፊታቸው ቆመች።

"እንደግሳለን፣ የኔታ" አለች። "ሙሽራውን እርስዎ ያምጡልኝ።"