የአሰጋሽ ምላስ የጾመባት ሳምንት

አሰጋሽ ስትጾም ገላን ኮንዶሚኒየም በሙሉ ያውቃል። ሌላው ሰው ሥጋና ቅቤ ይተዋል፤ እሷ ሥጋና ቅቤውን ትታ ጎረቤቷን ትበላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርታለች። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ሴቶቹ የሚግባቡት ከንፈር እያዩ ነው። እሷ ጡረታ ወጣች እንጂ ዓይኗ አልወጣም፤ አራተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ቆማ ታች የሚወራውን ሁሉ ትለቅመዋለች።

ዘንድሮ ለፋሲካ ልቁረብ ብላ፣ ሆሳዕና ሳይደርስ ንስሐ አባቷ አባ ዘአማኑኤል ጋ ሄደች።

«ሕማማቱን ሙሉ የሰው ስም በክፉ አታንሺ። ቀኖናሽ ይኸው ነው።»

«አባ፣ ስግደት ይስጡኝ። አምስት መቶ!»

«አይሆንም።»

«ሺህ! ጉልበቴን ይውሰዱት!»

«ጉልበትሽን ማን ጠየቀሽ? ካነሳሽ ቁርባን የለም።»

ሰኞ ጥርሷን ነክሳ ዋለች። ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ፎቅ ማርቲ ቤት አንድ ወንድ ፍራሽ ተሸክሞ ገባ። በሕማማት! አሰጋሽ ደረጃው ላይ አየችው፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ቤቷ ገብታ ስልሳ ጊዜ ሰገደች።

ረቡዕ ዝምታዋ ራሱ ወሬ ሆነ። ታች ቧንቧው ጋ የልብ ጓደኛዋ ዳሲቱ ለሴቶቹ ስታወራ አሰጋሽ ከበረንዳዋ ከንፈሯን አነበበች፤ «አፏ ተጣሞ ነው የምትደበቀው።» ሐሙስ ደግሞ፣ «ኧረ ጴንጤ ሆናለች አሉ!» የዳሲቱን ጉድ ከነቀኑ የምታውቀው አሰጋሽ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ እንባዋን ጠረገች። አርባ ዓመት ስትጾም እንዲህ ርቧት አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ቄጤማ ሊያድሉ መጡ።

«እህ፣ ቀኖናሽን ጠበቅሽ?»

«ጠበቅኩ አባ። ግን ሰው እንዴት ክፉ ነው! ይቺ...»

አባ ቄጤማውን አስቀመጡ። ወንበር ሳብ አደረጉ። «ይቺ ማን?»

የዳሲቱ ስም ምላሷ ጫፍ ደርሷል፤ የማርቲ ፍራሽም ከኋላው ተሰልፏል። አሰጋሽ ዋጠችው። ሲወርድ ጉሮሮዋ ላይ ታየ።

«እኔ ልቆርብ ነው አባ።»

«እኔም እኮ ለምክር እንዲመቸኝ ብዬ ነው...»

«ሰኞ ይምጡ።»

አባ ቅር እያላቸው ተነሱ። አሰጋሽ ቆረበች። ሰኞ በማለዳ አባ ቤቷን ልባርክ ብለው መጡ፤ ገብተው ግን መጀመሪያ የዘጉት በሩን ነው።