ዳጉውን ይጨርስ

አክስቴ ፍየል ነጋዴ ናት። ቤቷ መርሳ፣ ገበያዋ ሐራ። ከአፋሮች ጋር ስትገበያይ ስለኖረች አፋርኛውን ታንበለብለዋለች። እኔ ደግሞ ያ ቋንቋ ከፍየል ገበያ ወዲያ ይሻገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው መስከረም እጇን እሾህ ወግቷት አመረቀዘና ከገበያው ብዙ ወደማትርቅ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ከፊታችን አንድ የአፋር አባት ትኩሳት ያነደደውን ትንሽ ልጁን ታቅፎ ቆሟል። ደሙ ተመርምሮ ወባ መሆኑ ታውቋል። ነርሷ ክኒኑን ይዛ “ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዷል?” ስትለው አፍ አፏን ያያታል። አማርኛ አይሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን ሰጥቶ ይሸኘው ነበር፤ እሷ ግን ወደ ሰልፉ ዞረችና “አፋርኛ የሚችል አለ እባካችሁ?” አለች።

አክስቴ ያንኑ የታመመ እጇን አነሣች።

ጠጋ ብላ ጀመረች። ግን ስለ ልጁ አይደለም! ከየት እንደተነሣ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ዝናብ የት እንደጣለ ጠየቀችው። አፋሮች ይሄን ዳጉ ይሉታል፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ከመነሻው ጀምሮ ይነጋገራል፣ ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ከኋላችን አንድ ሽማግሌ “ኧረ አንቺ ልጅ፣ ልትታከሚ ነው የመጣሽው ወይስ ፍየል ልትሸጪ?” አሉ። ሰዉ ሳቀ።

“ይታገሡኝ አባባ። አንቱስ ወሬዎን ከመሀል ቢቀሙዎ ደስ ይልዎታል?”

“እሱስ እውነትሽን ነው” አሉ።

እኔ ግን አልቻልኩም። “አክስቴ፣ ልጁ እኮ እየነደደ ነው! ስለ መድኃኒቱ ጠይቂው!”

“ካቋረጥኩት የሚጎድል ነገር ይኖራል” አለችኝ።

ነርሷ ትቆጣለች ብዬ ዞር ስል፣ በእርጥብ ጨርቅ የልጁን ግንባር እያበሰች “ተያት የኔ ቆንጆ፣ ዳጉውን ይጨርስ” አለችኝ። ወላሂ፣ ያኔ ነው የወደድኳት።

የሰውየው ወሬ በረሃውን አቋርጦ፣ ትናንት ማታ ካደሩበት የዘመድ ቤት ሲደርስ የአክስቴ ፊት ተለወጠ።

“ሲስተር! ያደሩበት ቤት ክኒን ሰጥተውታል። ዛሬ ጠዋትም ደግመውታል!”

አባትየው ከሽርጡ እጥፋት የተጀመረ የክኒን እሽግ አወጣ። ነርሷ በእጇ ካለው ጋር አስተያየችው። ያው መድኃኒት ነው። የያዘችውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና “ልደርብበት ነበር እኮ” አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ቀጣዩ መቼ እንደሚዋጥ ለአክስቴ ነገረቻት፤ አክስቴ ለአባትየው፤ አባትየውም የሰማውን መልሶ ደገመላቸው። ሦስቱ ሲግባቡ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል!

በሚቀጥለው ገበያ ቀን የአክስቴን ቁስል ልናሳጥብ ስንመለስ፣ ያ አባት ልጁን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ልጁ ሸንኮራ እየጋጠ ለሰው ሁሉ ይስቃል። ነርሷ ወጣችና ሰውየውን በአፋርኛ፣ ሰሞኑን ከበሽተኞቿ በለቃቀመችው የተሰባበረ አፋርኛ፣ መንገዱ ሰላም እንደነበር ትጠይቀው ጀመር። አክስቴ ልታግዛት አፏን ስትከፍት “ተይኝ፣ ራሴ ልጨርሰው” አለቻት። አባትየው ፈገግ አለና እሷ እንድትከተለው ቃሉን ጎተት እያደረገ፣ ልጁ እንዴት እንደዳነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ያዘ።