ግመል የሌለበት ገበያ

እናትነሽ እንግሊዝ አገርን ረግጣ አታውቅም። ሆኖም ማርተንቢ የምትባለውን የእንግሊዝ የገጠር ከተማ እንደ ትውልድ መንደሯ ለይታ ታውቃት ነበር። ያወቀቻት በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ ሐይቅ ዳር፣ ሚስ ዶሪስ የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት ለማስታመም ተቀጥራ ነው። አሮጊቷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቴክሳስ ወታደር አግብተው የመጡ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ቆየ። እሳቸውም ሃምሳ ዓመት በቴክሳስ ፀሐይ ኖረው፣ ወሬያቸው ግን ከትውልድ ከተማቸው ከማርተንቢ ፈቀቅ አላለም።

«ገበያችን ማክሰኞ ነው» ይላሉ የአጃ ገንፏቸውን እየዋጡ። «ንጉሡ ከፈቀደልን ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል። ደወሉ ሳይደወል አንዲት እንቁላል የሸጠ ወየውለት!» በጎቹ በድንጋዩ መስቀል ዙሪያ፣ አይብ ሻጮቹ ከአዳራሹ ምሰሶዎች ሥር። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ የለውም፤ እንግዳ አይቶት ይስቃል፣ የከተማው ሰው ግን ባቡር አምልጦት አያውቅም።

ታክሲ ነጂው ባሏ ፍቅሩ ማታ ሲገባ «ዛሬስ የእንግሊዝ ሽንኩርት ስንት ዋለ?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሚስ ዶሪስ ዝም አሉ። ምግብም ገፉ። ልጃቸው ሮበርት ከጎረቤት ከተማ ከፕሌኖ መጥቶ ኩሽናው በር ላይ ቆመ።

«እስከ ዓርብ ካልበላች ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ትገባለች» አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

እናትነሽ ሾርባ ቀዳች። ሥራስ ሌላ ይገኛል፤ እዚያ ግን ስለ ማርተንቢ ማን ይሰማቸዋል? ሾርባዋን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሚስ ዶሪስ፣ ዛሬ እኮ ገበያ ነው። ደወሉ ተደወለ። በጎቹ ገቡ...» ጭንቀቱ ነው መሰል፣ ምላሷ ሳታስበው ወደ ልጅነቷ የወሎ ገበያ ነጎደ። «በርበሬ ነጋዴዎቹ ያስነጥሳሉ፣ ጨው ሻጩም ግመሉን አንበርክኮ...»

«ግመል?»

ድምፁ ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር። እናትነሽ ደነገጠች። «ማለቴ...» ብላ ልታርም ስትል፣ የአሮጊቷን ዓይን አየች፤ ነቅቷል። ሐሳቧን ለወጠች።

«አዎ፣ ሁለት ግመል። አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተኝቷል።»

«አንቺ ቀጣፊ! በሩ ላይማ ዓሣ ሻጩ ነው!»

«እሱማ ወደ ድልድዩ ሄዷል።»

«ማን ፈቅዶለት? ድልድዩ የዳክዬ ሻጮች ነው!»

ለመቆጣት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ማንኪያው ገባ። ሾርባው አለቀ። በማግሥቱም እናትነሽ ተራራ የሚያህል ውሸት ይዛ መጣች።

ዓርብ ሮበርት ሲመጣ እናቱን ትራስ ተደግፈው አገኛቸው።

«ይህቺ ሴት ስለ ከተማችን አንድም ነገር አታውቅም» አሉት። «አስተምሬ ሳልጨርስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም!»

ሮበርት ባዶውን ሳህን አየ፣ ከዚያ እናትነሽን አየ። እሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሳህኑን አነሣች።

«እሺ ሚስ ዶሪስ» አለች፣ «ታዲያ ግመሎቹን የት እናቁማቸው?»