የዝንብ ዓይን ሐኪም

እኔ የማጠናው የዝንብ ዓይን ነው። እናቴ ግን ለሰው ስትናገር ዝንቧን ታስቀራትና «ልጄ ዓይን ነው የምታጠናው» ትላለች።

«አልዋሸሁም» ትለኛለች ስቆጣ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬሽ ዝንብ ታረባለች ልበል?»

እውነት ለመናገር አረባለሁ። የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበዋን ትንሿን ዝንብ በብልቃጥ አድርጌ ወጥ ቤት ከሽሮው ጎን አስቀምጣለሁ። እስቲ እሷን በእጃችሁ ለመያዝ ሞክሩ፤ ሳትደርሱባት ሄዳለች። አንጎሏ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም።

ዓይኗ የብዙ ትናንሽ ዓይኖች ጥርቅም ነው። አንዷ ትንሽ ዓይን ለብቻዋ የምታውቀው ፊቷ ያለው ነጥብ መብራቱን ወይም መጨለሙን ብቻ ነው፤ ምን ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። ለዚያ ጎረቤት ያስፈልጋታል። የሰፈራችንን የመካኒሳን ውሾች ያስተዋለ ይገባዋል፤ መጀመሪያ የታችኛው ግቢ ውሻ፣ ቀጥሎ የላይኛው ከጮኸ፣ እንግዳው ሽቅብ እየመጣ ነው። የዝንቧ አንጎል ደግሞ የታችኛውን ጩኸት ሁልጊዜ ትንሽ ያዘገየዋል። እንግዳው ከታች ከመጣ ሁለቱ ጩኸቶች እኩል ይደርሱና አንዲት የነርቭ ሴል «መጣ!» ትላለች። ከላይ ከመጣ ጩኸቶቹ ይተላለፋሉ፤ እሷም ዝም ትላለች፤ ያንን የምትጠብቅ ሌላ ሴል አለች። በዚህ ነገር ፍቅር ይዞኛል፣ ምን ላድርግ!

የአቦ ማኅበር ተራው እኛ ቤት የደረሰ ቀን እናቴ ብልቃጦቼን ጠራርጋ አልጋዬ ሥር ደበቀቻቸው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላም አስጠነቀቀችኝ። ተረቷን ስትመርጥ አላሰበችበትም፤ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጠላ መቅዳት ጀመርኩ።

ጥግ ላይ ለተቀመጡት ለእናቴ የድሮ ማኅበርተኛ ብርጭቆውን ሳቀርብላቸው አልተቀበሉኝም። እጄን በዳሰሳ ፈልገው ያዙና «ዶክተርዬ፣ እስቲ ዓይኔን እይልኝ» አሉኝ።

እኔ የማውቀው ምርመራ አንድ ነው፤ እሱም የዝንብ ነው። እጄን ከግራ ወደ ቀኝ በፊታቸው አሳለፍኩ። ዓይናቸው አልተከተለም። ከቀኝ ወደ ግራ ደገምኩ። ምንም የለም። አፍንጫቸው አጠገብ ስደርስ ብቻ «ጥላ ነገር አለፈ» ብለው ፈገግ አሉ። ደነገጥኩ።

«እማማ፣ ሐኪም ቤት አልሄዱም?»

«ምን ልሠራ? ከፋሲካ ጀምሮ አንቺን ነው የምጠብቀው። እናትሽ፣ ልጄ ዓይን ነው የምታጠናው ስትለኝ፣ ተራው እዚህ እስኪደርስ ብዬ ታገሥኩ።»

እናቴ ዳቦ የምትቆርስበትን ቢላ አስቀመጠች።

«የዝንብ ነው» አለች፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ። «የምታጠናው የዝንብ ዓይን ነው። አፍሬ ነው። እኔ ነኝ ያቆየሁሽ፣ እህቴ።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን እንደዚያን ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ሦስታችን ታክሲ ተሳፈርን። እናቴ መንገዱን ሙሉ የጓደኛዋን እጅ አልለቀቀችም። ሐኪሙ በመብራቱ አገላብጦ አየና «ሞራ ነው፤ ይገፈፋል። ያያሉ» ሲል፣ ከታማሚዋ ቀድማ ያለቀሰችው እናቴ ነበረች።