አባዬ ሐይቅ ላይ የሚያወራው ቋንቋ

ግሮሰሪ ገብቼ ዓሣ መሸጫው ጋ ስደርስ እግሬ ይያዛል። ያ ቀዝቃዛ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ሰው አገር፣ ሆፕኪንስ የሚባል ከተማ የነበረው አፓርታማችን፣ በር ሥር የሚቀመጠው የአባዬ እርጥብ ቦት ጫማ ይመጣብኛል።

አባዬ የተወለደው ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካለ ደሴት ነው። ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ኦሮምኛ፣ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ሥራው ላይ ደግሞ እንደምንም እንግሊዝኛ ያወራ ነበር። እማዬ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች የእሱን ቋንቋ፣ ዛይኛን፣ አትሰማም። የሚያወራው ከአጎቴ ጋር ብቻ፣ እሱንም ሐይቅ ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቤታችን አቅራቢያ ያለውን በብርዱ በረዶ የሆነ ሐይቅ ይበሱና ባልዲ ገልብጠው ይቀመጣሉ። ዓሣው ተያዘ አልተያዘ ደንታቸውም አይደለም። ምን ልበላችሁ፣ ቤት ውስጥ ዝም የሚለው ሰውዬ እዚያ ሲስቅ ድምፁ ማዶ ይሰማ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አጎቴ ድንገት ሞተ። ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ አባዬ በሬን አንኳኩቶ፣ "ተነሺ እስቲ፣ ሐይቅ እንሂድ" አለኝ። እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ፀሐዩ በረዶው ላይ ሲያርፍ ዓይን ያማል። አባዬ ባልዲ ላይ አስቀመጠኝና ውሃውን፣ ዓሣውን፣ ንፋሱን በዛይኛ እየጠራ "በይ፣ ከኋላዬ በይ" ይለኝ ጀመር። ሁለት ሦስቱን አልኩለት። ከዚያ ሰለቸኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ "ከማን ጋር ላወራበት ነው?" አልኩት።

"ከኔ ጋር" አለኝ።

ስልኬን አወጣሁና ማየት ጀመርኩ። አፌን በቆረጠው። እሱ አልተቆጣም፤ "በርዶሻል፣ እንሂድ" አለኝ በአማርኛ። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነበር የሚሄደው።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። አማርኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ እንግሊዝኛውም ሄዶ ዛይኛው ብቻ ቀረው። ነርሷ የአስተርጓሚዎቹን ዝርዝር ላይ ታች ብላ አየችና "ይቅርታ፣ ይሄ የለንም" አለችኝ። ዝዋይ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። አባዬ እጄን ይዞ ብዙ አወራኝ። የሆነ ነገር እየለመነኝ እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል፤ ቆም እያለ ዓይን ዓይኔን እያየ መልስ ይጠብቃል። መቅዳት እንኳ ትዝ አላለኝም። "እሺ አባዬ" አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሞ "እሺ" አልኩት። ፊቱ ፈታ አለ፣ እጄን ሳመና ተኛ። በማግስቱ አረፈ።

እሺ ያልኩት ምኑን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።